ከስቱኮው ሥር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። "ፓስተር ደግሞ ምን ነካው?" የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ፤ ከመኪናው ጋር የኔም ነገር አብሮ ይወጣል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እህል የጫኑ ካሚዮኖች ሌት ተቀን ወደ ወሎ ያልፋሉ፤ ከኋላቸው የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ ላንድ ክሩዘሮች ይከተላሉ። ስለ ረሃቡ ማዘን ሲገባኝ እኔ የማየው መኪኖቹን ነበር። ውስጣቸው የተቀመጡት ሰዎች ብርድ የሚባል ነገር የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። ይህ ምኞት ሰባኪ ከሆንኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ጸሎት ውስጥ አስገብቼው "ለአገልግሎት የሚሆን መኪና" የሚል ስም አወጣሁለት።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነጋዴ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና በ2008 ዓ.ም. አረፈ። ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ የ1995 እ.ኤ.አ. ሥሪት ላንድ ክሩዘር ነበረው፤ ደላሎች "ኮብራ" የሚሉት፣ ፋብሪካው 80 ሲሪስ የሚለው። ያ ሞዴል ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠራበት ጊዜ ከባለሥልጣንና ከሀብታም ቤት በቀር የሚገባ ዕቃ አልነበረም። ባለቤቱ በ2011 "ከሚበሰብስ ለአገልግሎትህ ይሁንህ" ብላ ሰጠችኝ። በካሚዮን ተጭኖ ደብረ ብርሃን ገባ፤ ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ወጥቶ እንዲያይ ቀን ያስመጣሁት ሆን ብዬ ነው።

መካኒኩ በደርግ ጊዜ ወታደር ቤት ሙያ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ ደርሰው የማያውቁ። ኮፈኑን ሳይከፍቱ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አወጡና በበሩ ላይ ለጠፉት። ያዘ። ወደ ኋላ ጎማ ክዳን ወሰዱት፤ ወደቀ። ደግመው ሞከሩ፤ ወደቀ።

"ይኼ ላሜራ አይደለም ፓስተር፤ ስቱኮ ነው። ከሥሩ ዝገት አለ" አሉኝ።

ከዚያ የሞተሩ ተራ ሆነ። ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነው፤ ቱርቦ የለውም። የደብረ ብርሃን ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጠባዩ ነው። በሽታው ሌላ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ የነበረው ተራ ውሃ ዝገት አብጅቶ ቧንቧዎቹን ደፍኗል፤ ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ተጣሟል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። የካምሻፍቱ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር ያለበት ነገር ነው፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በፊት እግሩ ደግሞ የዘይት መዝጊያው ጎማ አልቆ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጎማው ይንጠባጠብ ነበር።

ሽማግሌው ሒሳቡን በካርቶን ላይ ጻፉልኝ። ፍሬን፣ ቴስታታ በቶርኖ ማስተካከል፣ ራዲያተር፣ ቺንጊያ፣ የፊት እግር፤ ከነእጅ ዋጋው 40 ሺህ ብር። "መኪና መጀመሪያ መቆም ይቻል፣ ቀጥሎ ይሂድ፤ ማማሩን ሲተርፍዎ ያደርጉታል" አሉ።

ምእመናኑ ለአንኮበር ገጠር አገልግሎት ብለው 25 ሺህ ብር አዋጡ። ከነሱ መካከል ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ እህት ነበረች፤ ምን ያህል እንደምታገኝ ስለማውቅ ያቺ ፖስታ እስከ ዛሬ ትከብደኛለች። 15 ሺውን ከቤት አወጣለሁ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ተስማማች። ሒሳቡ እዚህ ላይ ሞልቶ ነበር።

እኔ ግን ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ቺንጊያ ልገዛ ሄጄ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ፊት ቆምኩ። ሻጩ "ለእንደርስዎ ያለ ሰው" አለኝ፤ ይህችን ቃል ምን ያህል እንደምወዳት እሱ በምን ያውቃል? ቸርኬው፣ የወንበሩ ቆዳ፣ ሙሉ ቀለም፤ ሌላ 28 ሺህ ብር። ገንዘቡ ለልጃችን የኮሌጅ ክፍያ ካስቀመጥነው ላይ ወጣ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለሽማግሌዎች ጉባኤ "በ40 ሺው ሁሉም ተሠራ፣ ቀለሙን ወዳጆች ረዱን" አልኩ። ጉባኤው ጌታን አመሰገነ። እኔም አሜን አልኩ።

ነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ሕዝቅኤል 13ን በጥልቀት አጥንተናል፤ ደካማ ግድግዳ ሲሠራ በላዩ ስለሚለስኑት ነቢያት። ጥሩ ውጤት ያመጣሁበት ጽሑፍ ነው። መኪናው ተቀብቶ ከጋራዥ በወጣ በሦስተኛው እሑድ ደግሞ ስለ ሐናንያና ሰጲራ ሰበክሁ፤ የሐዋርያት ሥራ 5። ሐናንያ የሸጠበትን ዋጋ ቀነሰ፤ እኔ ያወጣሁበትን። መድረክ ላይ ቆሜ ይህ ልዩነት አለመሆኑ አልታየኝም። ድምፄ እንዲያውም ያን ቀን ከወትሮው ይበልጥ ሞቅ ብሎ ነበር ይላሉ።

ማክሰኞ ዕለት መካኒኩ ቤት መጡ። እኔ አልነበርኩም። ለባለቤቴ 1,800 ብር ቆጥረው ሰጧት፤ "ከ68 ሺው የተረፈ ነው እመቤት፣ የቆዳው ነው፤ የሰው ገንዘብ በእጄ አላድርም" ብለው። ቡና አፍልታ አስተናግዳ ሸኘቻቸው።

ማታ ስገባ ብሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያሉትን ነገረችኝ። አልጮኸችም። ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ሰው አስተያየት፣ ስለ አገልግሎት ክብር። እስክጨርስ ጠበቀችና "ሌላስ?" አለችኝ። "ከዚህ ሌላ ያልነገርከኝ አለ?"

ሌላ አልነበረም። ግን ከሃያ ስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ይህን ጥያቄ መጠየቋ፣ እኔም "የለም" ስል ዐይኔን ማየቷ... ይህን መጻፍ አልችልም።

ለሽማግሌዎቹ ሳልነግር አንድ ወር አለፈ። በዚያ ወር አንኮበር ሄድኩ። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በፊት ስሄድ በአይሱዙ ተሳፍሬ ጎረቤላ እወርድና ከወንጌላዊው ጋር በእግር ወደ አልዩ አምባ አቅጣጫ ቁልቁል እንሄድ ነበር። አሁን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳላበዛ ቀስ ብዬ ወረድኩ። መኪናው አላሳፈረኝም፤ የሽማግሌው ሥራ እውነተኛ ነበር። ልጆች ቸርኬው ላይ ፊታቸውን እያዩ ይስቁ ነበር። ሰብኬ፣ ጸልዬ፣ በልቼ፣ ሰዓቴን አየሁ።

ወንጌላዊው ሲሸኘኝ "ፓስተር፣ ቅር አይበልዎትና" አለ። "በአይሱዙ ሲመጡ ያድሩ ነበር። ማታ እሳት ዳር ነው ሰው የልቡን የሚነግረን። ከመኪናው ወዲህ ሳይመሽ ይመለሳሉ።"

እዚያው አንኮበር ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ተቀምጧል። መንገድ አልነበረም፤ ከባሕር ዳርቻ በበረሃው አድርገው ሲመጡ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። መቼም ያን ያህል ደክሞ የመጣ ሰው በዚያው ቀን ልመለስ አይልም። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርቶኑን ጭምር ይዤ ሄድኩ። ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም። አንዱ ይሸጥ አለ። ያኔ ነገሩ ቀላል ፈተና አልነበረም፤ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወጥቶ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እሳት ሆኖ ስለነበር አገር ውስጥ ያለው ዋጋው ወጥቶ ደላሎች በየቀኑ ይደውሉ ነበር። ሌላው "የእህቶቻችን ብር አለበት፤ ለአንኮበር ተብሎ የተሰጠ ለአንኮበር ይሁን" አለ። ይህ ጸና። ቁልፉ ቢሮ እንዲቀመጥ፣ እኔ 28 ሺውን ለልጄ እንድመልስ፣ ለምእመናንም ራሴ እንድናገር ተወሰነ። ቸርኬውን በ8 ሺህ ሸጥኩት፤ ሻጩ ያው ሰውዬ ነበር፣ አላወቀኝም። ቀሪውን በወር ሁለት ሺህ፣ በአሥር ወር ከፈልኩ። ባለቤቴ እያንዳንዱን በደብተር ጻፈችው። መጨረሻውን ስከፍል ደብተሩን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ አልጣለችውም።

አሁን አንኮበር ስሄድ አድራለሁ። ኅዳር ላይ ጠዋት ውርጩ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፤ ወንጌላዊው በካርቶን ይፍቀዋል። የኋላ ጎማ ክዳኑ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ዝገቱ መውጣት ጀምሯል። መካኒኩ "ልሥራው?" ብለውኝ ነበር፤ ይቆይ አልኳቸው። ቁልፉን ወደ ፊት አዞራለሁ፤ የካንዴሌታው መብራት ይበራል። እስኪጠፋ ድረስ ወንጌላዊው ሌሊት ያወራነውን ሰው ጉዳይ ያነሣብኛል።