ስለ አዋላጅነት ፈቃድና ስለ እናቴ

አዋላጆች ተፈትነውና ተመዝግበው ፈቃድ እንዲይዙ ስለሚያስገድደው ደንብ ብዙ ሲነገር እሰማለሁና፣ እኔም በቤታችን ከደረሰው ነገር ጥቂት ላስረዳችሁ ወደድሁ።

እናቴ በጎጃም፣ በደብረ ወርቅ ከተማ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሥራውን የተማሩት ከአክስታቸው ነው። ሌሊትም ቢሆን ይጠሩ ነበር፤ ጎረቤቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ሲማጸኑ እርሳቸው የምጡን ሴት ወገብ ያሻሉ፣ ሕፃኑን ይቀበላሉ፣ እትብቱን ይቈርጣሉ። ዋጋቸውም የገንፎው ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ መጠራት ነበረ፤ ገንዘብ ሲቀበሉ አላየሁም።

በ1969 ዓ.ም. እኔ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ እኅቴን ያዋለዱ እርሳቸው ነበሩ። ወንድ ልጅ በደኅና ተወለደ፤ እልልታውም ተሰማ። ነገር ግን እንግዴ ልጁ ሳይወርድ ዘገየ፤ ደሙም አልቆም አለ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ሲገሠግሡ ከመንገድ ዐረፈች። ማኅፀን ከወሊድ በኋላ ካልተኰማተረ ደም እንደማያቋርጥ፣ ኦክሲቶሲን የሚባለውም መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ እንዲኰማተር እንደሚያደርገው የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት በእናቴ እጅ የነበረው ቅቤና ጸሎት ብቻ ነበረ።

እንዲህ ያለው ኀዘን የድኻውን ቤት ብቻ መርጦ የሚገባ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ነርስነትን የተማሩት ልዕልት ፀሐይ እንኳ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ያረፉት ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም ነው።

በ1940 ዓ.ም. የወጣው የሐኪሞች መመዝገቢያ አዋጅ ሕይወትን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ የአገር ባሕል ሕክምናን አልከለከለም። በደርግ ዘመንም ለልምድ አዋላጆች አጭር ትምህርት ይሰጥ ስለ ነበረ እናቴም ሠልጥነዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ግን ማንም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይዝ እንዳይሠራ ደነገገ፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም የብቃት ፈተና ተጨመረበት። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የአገር ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱት ከመቶ እናቶች 6 ያህል ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. እኩሌታ ያህል ሆነዋል። እናቴም ማዋለዱን ትተው፣ ምጥ የያዛትን ሴት እስከ ጤና ጣቢያው ደጅ መሸኘት ሥራቸው ሆነ።

ሴት ልጄ በአዋላጅነት ሙያ ተመረቀች፤ ነገር ግን በመጀመሪያው የፈቃድ ፈተና ወደቀች። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የወረቀት ነገር ሲያስቸግረን አማላጅ መፈለግ ልማዳችን ነውና፣ አንድ ወዳጄ «አንዲት ቃል ትበቃለች» ቢለኝ እሺ አልሁ። አልዋሽም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ወደ ደብረ ወርቅ ወርጄ ነገሩን ምርቃት የማገኝበት መስሎኝ ለእናቴ አጫወትኋቸው።

እናቴ ጥጡን ከእጃቸው አስቀምጠው፣ «እኔ ፈታኝ አልነበረኝም። ፈታኜ እኅትህ ነበረች» አሉኝ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም ለወዳጄ እንዲተወው ላክሁበት፤ በመላኬም ለጥቂት ቀን አንገቴን ደፋሁ፣ ልጄ ብትወድቅስ እያልሁ።

ልጄን ግን ከእርሳቸው ዘንድ አስቀመጥኋት። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ እናቴ ይጠይቋት ነበር። «እንግዴ ልጁ ሲዘገይ ምን ታደርጊያለሽ? ደሙ ሲበረታስ? ሌላ ሰው ከሌለስ?» ልጅቱም ትመልሳለች፤ የመድኃኒቱን ልክ ሳይቀር ትናገራለች፤ እርሳቸውም «ድገሚው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ይሆን ነበር።

በሁለተኛው ፈተና አለፈች። ፈቃዱ በእጇ በገባ ጊዜ አምጥታ ከጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። እናቴ ማንበብ አይችሉምና ማኅተሙን በጣታቸው እየዳሰሱ እንድታነብላቸው አዘዟት። በየጊዜው ትምህርት እየተጨመረ የሚታደስ መሆኑን በነገረቻቸው ጊዜ ቀና ብለው፣ «መቼ ነው የሚያልፍበት?» አሉ። ቀኑን ነገረቻቸው። እርሳቸውም እንዳይረሳቸው ጐረቤት ላለው ተማሪ ልጅ በግድግዳው ላይ አስጻፉት።