ኪሎው ተመልሶ ሲመጣ ዕዳው የማን ነው?

ኔትፍሊክስ በ2025 ስለ «ዘ ቢጌስት ሉዘር» የሠራውን ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም አይታችሁት ይሆናል። ካላያችሁት ጊዜ ስታገኙ እዩት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳያደናግራችሁ።) እኔ አይቼ ከጨረስኩ በኋላ የከነከነኝ የአሰልጣኞቹ ጭካኔ ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ መኖሩ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ውድድሩ በ2004 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ ጀመረ። በጣም የወፈሩ ሰዎች ከሥራቸውና ከቤተሰባቸው ተለይተው ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ግቢ ይገቡ ነበር፤ ለአሰልጣኞች በቡድን ይከፋፈሉ፣ በየሳምንቱም ይመዘኑ ነበር። ከክብደቱ በመቶኛ ብዙ የቀነሰ ይቆይ፣ ትንሽ የቀነሰ የመባረር ዕጣ ይጠብቀው ነበር። የመጨረሻው አሸናፊ 250,000 ዶላር ያገኝ ነበር።

የሚዛኑን ሰዓት አስታውሱት። ወንዱ ከወገብ በላይ ራቁቱን፣ ሴቷ በቁምጣና በስፖርት ጡት መያዣ ሆነው አንድ ትልቅ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከኋላቸው ያለው ሰሌዳ ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ ይዘላል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙዚቃው ይከራል፣ ሊቆም ሲል ማስታወቂያ ይገባል። ከማስታወቂያው ስንመለስ ሰውዬው በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀንሷል። ይህን ውጤት ለየትኛውም ሐኪም ብታሳዩት «ጎበዝ፣ እንዲያውም ቀስ በል» ይላችኋል። እዚያ መድረክ ላይ ግን ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ፣ ቡድኑን ይቅርታ እየጠየቀ ይወርዳል። በዚያ ላይ በኋላ ተወዳዳሪዎች እንደተናገሩት፣ ቴሌቪዥኑ «ሳምንት» ያለው ጊዜ ሁልጊዜ ሰባት ቀን አልነበረም። ቤቱ ቁጭ ብሎ «እሱ በሳምንት ሰባት ኪሎ ከቀነሰ እኔ ምን ነክቶኝ ነው?» ሲል የነበረው ተመልካች ግን ይህን አያውቅም።

ፈተና የሚሉትም ነገር ነበር። ምግብ አልበዛብህም ወይ ተብሎ የመጣን ሰው ኬክና ዶናት የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ማስገባትና ብዙ ለበላው ጥቅም መስጠት። ይህን ያሰበ ሰው ስለ ጤና እያሰበ ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ካለ እሰማዋለሁ፣ ግን አያሳምነኝም።

አሰልጣኞቹ ጂሊያን ማይክልስና ቦብ ሃርፐር ታዋቂ የሆኑት በጩኸታቸው ነው። ትሬድሚል ላይ ሲያስታውክ የሚታየው ሰው እንደ ጀግና ይቀርብ ነበር፤ ወድቆ የሚያለቅሰው ደግሞ «ሊሰበር የሚገባው ግድግዳው ተሰበረለት» ይባልለታል። ይህን ጩኸት ለምን ተቀበልነው? እኔ እንደሚመስለኝ ውፍረትን በሽታም፣ ዘርም፣ የኑሮ ጣጣም አድርገን ስለማናየው ነው። ስንፍና ነው ብለን እናምናለን፤ ሰነፍ ደግሞ ይጮህበታል። እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ትናንት ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» እያልን እንመርቅ ነበር፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ ሠርግ ላይ የተገናኘ ዘመድ ሰላምታውን የሚጀምረው ከቦርጫችሁ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ግን ካሜራው ከጠፋ በኋላ ባለው ላይ ነው።

በ2009 የስምንተኛው ዙር አሸናፊ ዳኒ ኬሂል ነበር። 195 ኪሎ ሆኖ ገብቶ 87 ኪሎ ገደማ ሆኖ ወጣ፤ በሰባት ወር 108 ኪሎ ማለት ነው። በዚያ ዙር የተወዳደሩ 14 ሰዎችን ያን ጊዜ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ይሠራ የነበረው ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለስድስት ዓመት ተከታተላቸው፤ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ከ14ቱ 13ቱ መልሰው ወፍረዋል። በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው 41 ኪሎ ያህሉን መልሰውታል። «ታዲያ ቤታቸው ሄደው ሲበሉ ነዋ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ሆል ያገኘው ግን ሌላ ነው።

የሰው ሰውነት ተኝቶም ቢሆን ጉልበት ያቃጥላል፤ ልብ ይመታል፣ ኩላሊት ያጣራል፣ አንጎል ይሠራል። ሰው ሲከሳ ይህ ወጪ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ትንሽ ሰውነት ትንሽ ይበላልና። የእነዚህ ሰዎች ግን ለቁመታቸው፣ ለዕድሜያቸውና ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በአማካይ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ። የዳኒ ኬሂል ወደ 800 ይጠጋል። ይኸውም እኩያው የሆነ ሰው በልቶ ባለበት የሚቆይበትን ምግብ እሱ ቢበላ ይወፍራል። የሚገርመው ደግሞ ኪሎው ሲመለስ ይህ ጉድለት አብሮ አለመስተካከሉ ነው፤ እንዲያውም ውድድሩ ካለቀበት ጊዜ ይልቅ ከስድስት ዓመት በኋላ ብሶ ነው የተገኘው።

በዚያ ላይ ረሃቡ አለ። ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ከስብ ውስጥ ይወጣና ለአንጎል «ጎተራው ሙሉ ነው፣ አትጨነቅ» ይለዋል። ውድድሩ ሲያልቅ የተወዳዳሪዎቹ ሌፕቲን ተሟጦ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ወደነበረበት አልተመለሰም። አንጎላቸው ቀን ከሌሊት ረሃብ ገባ እያለ ይነግራቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ መሐል «ጽናት የለህም» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

ሰውነት ሲራብ እንዲህ እንደሚያደርግ ደግሞ ከቴሌቪዥን ውድድሩ 60 ዓመት በፊት ታውቋል። በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር አስርቧል፤ ጦር ሜዳ መሄድን ሕሊናቸው ያልፈቀደላቸው ወጣቶች ነበሩ። ዓላማው በጦርነት የተራቡ የአውሮፓ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ተነጫነጩ፣ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡም ነበሩ። ያን ጊዜ ረሃብ ተብሎ የተሰጣቸው በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ነው። ከ«ቢጌስት ሉዘር» ተወዳዳሪዎች አንዳንዶቹ ደግሞ በቀን 800 ካሎሪ እየበሉ ለሰዓታት ይለማመዱ እንደነበር ተናግረዋል። አንዱ የረሃብ ጥናት፣ ሌላው የቤተሰብ መዝናኛ ተባለ።

ያው ስምንተኛው ዙር የጀመረው ባሕር ዳር ላይ የአንድ ማይል ሩጫ በማስሮጥ ነበር። ሥልጠና ሳይጀመር፣ ሰውነታቸው ሳይፍታታ። አንዲት ሴት ወድቃ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ገባች። የያዛት ራብዶማዮሊሲስ ይባላል፤ ከአቅም በላይ የሠራ ጡንቻ ሲፈርስ ፍርስራሹ ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትን የሚዘጋበት ሕመም ነው። ጂም የምትሄዱ ይህን ስም ባታስታውሱትም ምልክቱን አትርሱት፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ዙር አሸናፊ ራያን ቤንሰን 55 ኪሎ ገደማ ነው የቀነሰው። በኋላ ራሱ እንደተናገረው ለመጨረሻው ሚዛን ሲል ራሱን ምግብም ውኃም ከልክሎ ደም እስከመሽናት ደርሶ ነበር፤ ውድድሩ እንዳለቀ ኪሎው በፍጥነት ተመለሰ። በ2014 ደግሞ ሬቸል ፍሬድሪክሰን 118 ኪሎ ሆና ገብታ 48 ኪሎ ገደማ ሆና ስትቀርብ የአሰልጣኞቹ ፊት ራሱ ደነገጠ። እኔ በሷ መፍረድ አልችልም። ሕጉ «ብዙ የቀነሰ ያሸንፋል» ነበር፤ እሷም ሕጉን አክብራ አሸነፈች። የደነገጡት ሰዎች ግን ሕጉን ለዓመታት ሲያስፈጽሙ የኖሩ ናቸው።

የካፌይን ክኒኑንም ጉዳይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2013 ማይክልስ ከሐኪም ፈቃድ ውጪ ለቡድኗ የካፌይን ክኒን ሰጠች ተብሎ በስርጭቱ ላይ ተነገረ፣ ቡድኗም በሚዛኑ ተቀጣ። እሷ ቡና ያለ ልክ ከመጠጣት ክኒኑ ይሻላል ብላ ተከራክራለች፤ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። ለእኔ ጥያቄው ካፌይን አይደለም። ለልብና ለደም ግፊት ሕመም የተጋለጠ ሰው ምን ይዋጥ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ግዛት የግል አሰልጣኝ ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። የግል ድርጅቶች የሚሰጡት ምስክር ወረቀት አለ፤ አንዳንዱ ብዙ ጥናት የሚጠይቅ፣ አንዳንዱ ቅዳሜና እሑድ የሚበቃው።

ሃርፐር በ2017 ኒውዮርክ ጂም ውስጥ ሳለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ጣለው። በአጋጣሚ ሐኪም እዚያው ነበረና ተረፈ። ይህን የማነሣው «የእጁን አገኘ» ለማለት አይደለም፣ እንዲያ ያሉ ሰዎች አሉ፣ አሳፋሪ ነው። የማነሣው ምክንያቱ በዘር የሚወረስ የደም ስብ ዓይነት መሆኑን ራሱ ስለተናገረ ነው። በዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚለማመድ ስንት ሰው አለ? ሰውነት በጩኸት እንደማይታዘዝ የነገረን በመጨረሻ አሰልጣኙ ነው።

ውድድሩ በኤንቢሲ በ2016 ቆመ፣ በ2020 በሌላ ጣቢያ ለአንድ ዙር ተመልሶ ጠፋ። አሠራሩ ግን አልጠፋም፣ ስልካችሁ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «በ21 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» የሚል አሰልጣኝ ነኝ ባይ፣ የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶ፣ ከጎኑም የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሦስት አራት ኪሎ መውረዱ እውነት ነው። ዳቦና እንጀራ ሲቀር ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳር ያልቃል፤ እያንዳንዱ ግራም ስኳር ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነበር፣ አብሮት ይወጣል። የወረደው ከስቡ ይልቅ ውኃው ነው። ከሻዮቹ ብዙዎቹ ሰና የሚባለው ቅጠል አለባቸው፤ ሆድ ያስኬዳል እንጂ ስብ አይነካም። ከዚህ የባሰም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ብዙ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ተደብቆ አግኝቷል። ይህ መድኃኒት በልብና በአንጎል ደም ሥር ላይ በሚያመጣው ጉዳት ምክንያት በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ከውጭ አገር በሻንጣ ለእህቶቻችን የምንልካቸው «ሻይ ናቸው፣ ምንም አይሉም» የምንላቸው ነገሮች ውስጥ ምን እንዳለ ማን መረመረልን?

እንዳትሳሳቱብኝ፣ ስፖርት አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ሆል ከተከታተላቸው 14 ሰዎች መካከል ኪሎውን በተሻለ ይዘው የቆዩት በየቀኑ ብዙ የሚንቀሳቀሱት ናቸው። ክብደት መቀነስ ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ይጠቅማል። ጨዋና አዋቂ አሰልጣኞችም አሉ፤ ደንበኛቸውን «የደም ግፊትህን ተለክተሃል?» ብለው የሚጀምሩ፣ የጉልበቱን ሕመም የሚጠይቁ፣ በወር ሁለት ኪሎ ሲቀንስ የሚደሰቱ። እነሱ ቪዲዮ ላይ ብዙም አይታዩም፣ ምክንያቱም ሥራቸው ቪዲዮ ላይ አሰልቺ ነው።

እንግዲህ ለአሰልጣኝ ገንዘብ ልትከፍሉ ስትሉ የ«በኋላ» ፎቶውን እዩና «ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላስ የት ነው?» በሉት። መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት መድኃኒቱን ያዘዘላችሁን ሐኪም አነጋግሩ፤ የኢንሱሊንን መጠን የሚያስተካክለው ሐኪም እንጂ አሰልጣኝ አይደለም። ከባድ ልምምድ ሠርታችሁ ጡንቻችሁ ካበጠና ሽንታችሁ የኮካ ኮላ መልክ ካመጣ ደግሞ «ይህ የድካም ምልክት ነው፣ ቀጥል» የሚላችሁን አትስሙ። እስከ ነገ ሳትቆዩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።