«ወተት ነው» ብዬ

በቤታችን ለልጅ ቡና አይሰጥም። እናቴ ጀበናዋን ስትጥድ ልጄ ቄጠማውን ትጎዘጉዛለች፣ ፈንዲሻውን ታቀርባለች፤ ሲኒ ግን አይደርሳትም። እኔም ያደግሁት በዚሁ ሕግ ነው። ማኪያቶ ግን ሕጉ ውስጥ አልነበረም። «ወተት ነው» ብዬ አለፍኩት።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለፈተናው ከጓደኞቿ ጋር ሰፈራችን ካለው ካፌ ማጥናት ጀመረች። ቁርስ ሳትበላ ስለምትወጣ ወተቱ ሆዷን ይይዝላታል ብዬ የማኪያቶውን ገንዘብ በደስታ እሰጣት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ እንቅልፍ አጣች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራቷ አይጠፋም፤ እስክሪብቶ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ «ልቤ ይመታብኛል» ትለኛለች።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ መርምራት ስታበቃ «በቀን ስንት ቡና ትጠጫለሽ?» አለቻት።

ልጄ አየት አደረገችኝ። «ቡና አልጠጣም። ማኪያቶ ነው፤ አራት… አንዳንዴ አምስት።»

በማግስቱ ካፌው ሄድኩና ባሬስታውን ልዩነታቸውን እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ከማሽኑ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ጥቁር ቡና ቀዳልኝ። «ኤስፕሬሶ ይቺ ናት፣ ማዘር። በደቀቀ ቡና ውስጥ ሙቅ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ግማሽ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ያልፋል። ሌላው ሁሉ የሚነሳው ከእሷ ነው።» ሙቅ ውሃ ሲጨመርባት አሜሪካኖ ትሆናለች፤ የሞቀ ወተትና ወፈር ያለ አረፋ ሲደረብባት ካፑቺኖ፤ ወተቱ በዝቶ አረፋው ሲሳሳ ላቴ። ማኪያቶ በጣልያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» እንደማለት ነው። እዚያ አገር ኤስፕሬሶዋ ላይ ጠብ የምትል ወተት ብቻ ናት፤ እኛ ጋ ግን ወተቱ ጨመር ይላል። ጠቆር ያለ ካሉት ቡናው ያይላል፣ ነጣ ያለ ካሉት ወተቱ። የእኔ ልጅ የምታዘው ጠቆር ያለውን ነበር።

«ወተቱ ቡናውን አያበርደውም?» አልኩት።

«ምሬቱን ነው እንጂ ጉልበቱን አይወስድም።»

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። በአንድ ኤስፕሬሶ ውስጥ በአማካይ 60 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለልጆችና ለታዳጊዎች ስጋት የማይሆነው በቀን በኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። ልጄ 45 ኪሎ ናት፤ 135 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በአራት ማኪያቶ 240 ገደማ ትጠጣ ነበር። በዚያ ላይ ካፌይን ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ። የማታ አሥራ ሁለት ሰዓቱ ማኪያቶ አልጋዋ ድረስ ይከተላታል።

ለእናቴ ስነግራት ሲኒዋን አስቀመጠች። «አቦሉን ከልክለሽ በብርጭቆ ገዛሽላት በይኛ!» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ከልጄ ጋር ተቀመጥኩ። ልቆጣ ነበር አመጣጤ። «እማዬ፣ ከተኛሁ የምወድቅ ይመስለኛል» ስትለኝ ቁጣዬ ውሃ ሆነ። የማኪያቶውን ገንዘብ ስሰጥ ይህን ፍርሃቷን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

በአንዴ አላስቆምኳትም፤ ሐኪሟም ቀስ በቀስ እንድትቀንስ ነው የመከረቻት። አሁን ጠዋት ቁርስ ከበላች በኋላ አንድ ነጣ ያለ ማኪያቶ ትጠጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ካማራት ትኩስ ወተት። ማታ አራት ሰዓት ላይ መጽሐፉን የምዘጋው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሌሊት ተነስቼ በሯን ገፋ ሳደርግ መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።