ፊደል ፍለጋ ወደ ሱሪናም

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ያባቶች ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማውና ተማሪዎቻችንንም ስንመክርበት ኖረናል። ባለፈው ክረምት ከውቅያኖስ ማዶ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ አገር ባደረግነው ጉዞ ያየነውና የሰማነው ነገር ግን ይህን ምሳሌ እንደገና እንድንመረምረው ስላስገደደን፥ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድማችን በሆላንድ አገር፥ በሮተርዳም ከተማ፥ ሃያ ዓመት ያህል ኖሯል። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅም አለችው። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ለልጅቱ ይዘንላት የሄድነው ስጦታ አንድ የፊደል ገበታ ነበረ። እርሷም ገበታውን አገላብጣ ካየችው በኋላ፥ «ጋሼ፥ ይህን ሁሉ ባጠናው ምን አደርግበታለሁ? በዚህ አገር የሚያነበው የለም» አለችን። አባቷ አንገቱን አቀርቅሮ ዝም አለ።

በዚያ ምሽት ለቡና ተጠርታ የመጣች አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ትውልዷም ከሱሪናም ነው። ስለ ገበታው ጠይቃ ከተረዳች በኋላ፥ «በእናቴ አገርም በወንዙ ዳር እንደዚህ ያለ ፊደል አለ፤ የሠራውም የገዛ ወገናችን ነው። ዛሬ ግን የሚያነበው ሰው በጣት የሚቈጠር ነው» አለች። በነሐሴም ዘመዶቿን ለመጠየቅ እንደምትሄድ ነገረችን። ወንድማችን ይህን ሲሰማ፥ «አንተ መምህር ነህ፤ ፊደል አለ ከተባለበት ሳትደርስ እንቅልፍ አይወስድህም። እንሂድ። ልጅቱም ትምጣ፤ ያገሩ መንግሥት ቋንቋ የሆላንድ ቋንቋ ስለ ሆነ ታስተረጕምልናለች» አለን። እንዲህ ሆኖ አራት ሆነን ተነሣን፤ የፊደል ገበታውንም ለዚያ አገር ሰዎች እናሳያቸዋለን ብለን በልጅቱ ሻንጣ ውስጥ አኖርነው።

ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ አገር ናት። በምሥራቅ የፈረንሳይ ጉያና፥ በምዕራብ ጋያና፥ በደቡብ ብራዚል ያዋስኗታል። ከአምስተርዳም ተነሥቶ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በአየር ላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ስፋቷ ከ163 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ የሕዝቧ ቍጥር ግን ከስድስት መቶ ሺህ ብዙም አይበልጥም። ከመሬቷ ከዐሥር እጁ ዘጠኝ እጁ ደን ስለ ሆነ፥ አብዛኛው ሰው የሚኖረው በባሕሩ ዳር ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ሆላንዳውያን ይህችን አገር በ1667 ከእንግሊዞች ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት በብሬዳ በተደረገው ውል መሠረትም እንግሊዞች ዛሬ ኒውዮርክ የምትባለውን ከተማ ይዘው ቀሩ፤ ሱሪናም ለሆላንድ ጸናች። ነፃነቷን ያገኘችው ኅዳር 25 ቀን 1975 ነው።

ዋና ከተማዋ ፓራማሪቦ ከእንጨት የተሠራች ከተማ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። አሮጌው ሠፈሯ በ2002 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1883 ተጀምሮ በ1885 የተከፈተውን የካቶሊኮች ካቴድራል ገብተን አየነው፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው እንጨት ነው፤ ውስጡም ቀለም ስላልተቀባ የእንጨቱ መልክ እንዳለ ይታያል። በሌላ ጎዳና ላይ ደግሞ የአይሁድ ምኵራብና የእስላሞች መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል። የምኵራቡ ወለል በአሸዋ የተሸፈነ ነው። ከአፍሪካ፥ ከህንድ፥ ከጃቫና ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች፥ ከጥንቱ ያገሩ ባላባቶች ጋር ሆነው፥ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

ከአፍሪካ የመጡት ግን በፈቃዳቸው አልመጡም። ሆላንዳውያን በወንዞቹ ዳር ለተከሉት የስኳርና የቡና እርሻ ጕልበት ይሆኑ ዘንድ በባርነት የተጋዙ ናቸው። ከነዚህም ብዙዎቹ እየሸሹ ወደ ደኑ ገቡ። በወንዙ ላይ ያለው ፏፏቴና ቋጥኝ የወታደሩን ጀልባ ስለሚያግድ ምሽግ ሆናቸው። ከሸሹት ሕዝቦች አንዱ ኦካኒሲ ወይም ንዲዩካ የሚባለው ነው። ኦካኒሲዎች ብዙ ዘመን ከተዋጉ በኋላ ሆላንዳውያን ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1760 የሰላም ውል ተዋዋሏቸው፤ ነፃ ሕዝብ መሆናቸውንም ተቀበሉ። ይህም በአገሩ የባርነት ሥርዓት ከተሻረበት ከ1863 በ103 ዓመት ይቀድማል። ጎረቤታችን በኩራት የነገረችን የዚህ ሕዝብ ልጅ ስለ ሆነች ነው።

ከፓራማሪቦ ወደ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን፥ በጠረፍ ወዳለችው ወደ አልቢና ከተማ ሄድን። በመንገዳችን ላይ፥ የቦክሲት ማዕድን ይወጣባት የነበረችውን ሙንጎን ካለፍን በኋላ፥ ሞይዋና በተባለው ስፍራ መኪናውን አስቆምን። ኅዳር 29 ቀን 1986፥ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፥ የመንግሥት ወታደሮች በዚህ ይኖር በነበረው የኦካኒሲ መንደር ላይ አደጋ ጥለው ከሠላሳ ዘጠኝ የማያንሱ ሰዎችን ገደሉ። ከተገደሉትም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ የተረፉት ወንዙን ተሻግረው ወደ ፈረንሳይ ጉያና ተሰደዱ። የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2005 በመንግሥቱ ላይ ፈርዷል። በስፍራው ያለውን መታሰቢያ የሠራው ማርሴል ፒናስ የተባለው የኦካኒሲ ተወላጅ ሠዓሊ ነው። ይህ ሰው የወገኖቹን ፊደል በሥራዎቹ ውስጥ እያስገባ ለዓለም ያሳወቀ መሆኑን ጎረቤታችን ነገረችን። ልጅቱ ከመታሰቢያው ፊት ብዙ ጊዜ ቆማ ቈየች እንጂ ምንም አልተናገረችም።

ከአልቢና ወዲያ የመኪና መንገድ የለም። ከአንድ ትልቅ ግንድ ተፈልፍሎ፥ ጐኑ በሳንቃ ከፍ በተደረገ ረጅም ታንኳ ተሳፍረን የማሮዌይንን ወንዝ ሽቅብ ወጣን። አንዱ ባለ ታንኳ ከኋላ ሞተሩን ይነዳል፤ ሁለተኛው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ የድንጋዩን ቦታ እየፈተሸ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ሌሊቱን በወንዝ ዳር መንደር በገመድ በተሰቀለ መኝታ ላይ አደርን። በማግሥቱ ወደ ታፓናሆኒ ወንዝ ገብተን እኩለ ቀን ሲሆን፥ ውኃው በቋጥኞች መካከል እየተናጠ ከሚወርድበት ስፍራ ደረስን። ከፊት ያለው ሰው እጁን ወደ ግራ ዘረጋ፤ ታንኳዋ ግን ወደ ቀኝ ተገፍታ ከድንጋይ ላይ ወጣችና ተጋደመች፤ ውኃውም ከጐን ገባ። ወንድማችን ልጁን አቀፈ፤ እኛም የያዝነውን ሁሉ ጥለን የታንኳዋን ጠርዝ ጨበጥን። ሁለቱ ባለ ታንኳዎች እስከ ደረታቸው ወደ ውኃው ገብተው በትከሻቸው ገፍተው አስለቀቋት። አንድም ሰው አልተጐዳም፤ የልጅቱ ሻንጣ ግን ከነገበታው በጅረቱ ተወስዶ ሄደ። «ጋሼ፥ ፊደሉ ጠፋ» አለችን፤ ድምፅዋም ይንቀጠቀጥ ነበር። «ነፍስሽ ተርፋለች፤ ፊደል አይጠፋም» ብለን መለስንላት። ይህን ስንል አፋችን እንጂ ልባችን ያወቀው ነገር አልነበረም።

ወደ መንደሩ ስንደርስ፥ እንደ ደንቡ አስቀድመን የመንደሩን ሹም ሰላም አልን። ከዚያም ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ አንድ ሽማግሌ በተቀረጸ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ሽማግሌው ባንድ ዐረፍተ ነገር ባቆሙ ቍጥር፥ አጠገባቸው ያለው ሌላ ሰው «እውነት ነው» እያለ ይቀበላቸዋል፤ ያለ ተቀባይ ቁም ነገር መናገር በነሱ ዘንድ ነውር ነው። ጎረቤታችን ወደ ሆላንድ ቋንቋ፥ ልጅቱ ደግሞ ወደ አማርኛ እየመለሱ፥ የሽሽቱን ዘመን ታሪክ ሰማን፤ የትኛው ወገን ከየትኛው እርሻ እንደ ሸሸ፥ በየትኛው ወንዝ እንደ ተሻገረ፥ በ1760 መሐላው እንዴት ደም በማቀላቀል እንደ ጸና ተረኩልን። ያላማረውንም ነገር አልደበቁም፤ ውሉ ከዚያ ወዲያ የሚሸሹትን ባሮች ለጌቶቻቸው መልሰው እንዲሰጡ ያስገድዳቸው እንደ ነበረ በኀዘን ነገሩን። ይህ ሁሉ ያለ መጽሐፍ፥ ከአፍ ወደ ጆሮ፥ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ተጠብቆ የኖረ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል» ስንል የኖርን እኛ አፈርን። ዜማውን ሁሉ በቃላችን ያጠናን የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን ሳለ ይህን መዘንጋት አይገባንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ፊደሉ ጠየቅናቸው። በ1910 ሃሌይ የተባለው ባለ ጅራት ኮከብ በታየበት ዓመት፥ አፋካ አቱሚሲ የሚባል ኦካኒሲ፥ ለሕዝቡ ጽሕፈት እንደሚሰጥ አስቀድሞ በሕልሙ ተነግሮት ነበርና ኮከቡን ምልክት አድርጎ ወስዶ ኀምሳ ስድስት ፊደላት ፈጠረ። ሥራቱም እንደ እኛ ነው፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ይይዛል። ልዩነቱ፥ የእኛ ካዕብና ሣልስ ከግዕዙ ሲወለዱ፥ የእርሱ ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መፈጠራቸው ነው። በቋንቋቸው ቱ ማለት ሁለት ነው፤ ስለዚህ ቱ የሚለው ፊደል ሁለት ጭረት ነው። ፎ አራት ነው፤ ፊደሉም አራት ጭረት ነው። ቤ ሆድ ነው፤ ፊደሉም ፅንስ የያዘ ሆድ ይመስላል። በቃል መጨረሻ ያለው የ«ን» ድምፅ አይጻፍም፤ አንባቢው ከነገሩ ይረዳዋል። እኛም «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይኖራል፥ ላላ ይሁን ጥብቅ፥ ፊደሉ ስለማይለየው በዚህ አንስቅባቸውም። አንድ የካቶሊክ ቄስ፥ ሞርሲንክ የሚባሉት፥ ፊደሉን ተምረው ለትምህርት ተጠቅመውበታል፤ የሕዝቡ ዋና ሹም ግን አልደገፈውም። ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚሰጠው በሆላንድ ቋንቋ ሆነ። እንዲህ ሆኖ ለቋንቋው የተስማማው ፊደል አስተማሪ አጣ።

ሽማግሌው የሚያስታውሷቸውን ጥቂት ምልክቶች በአሸዋው ላይ በበትራቸው ጻፉልን። ከዚያም በትሩን ለልጅቱ አቀበሏትና፥ «አንቺስ? ስምሽን ባባትሽ ፊደል ጻፊልኝ» አሏት። ልጅቱ በትሩን ይዛ ቆመች። ወደ አባቷ ተመለከተች፤ አባቷም መሬት መሬት ያይ ነበር። በመጨረሻ ወደ እኛ ዞራ ቀስ ብላ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ይጻፉልኝ» አለች። ጻፍንላት። ሽማግሌው የጻፍነውን ቁልቁል ካዩ በኋላ፥ «እኛ የሚያስተምረን አጥተን ነው። እናንተ ግን የሚያስተምር አላችሁ» አሉ። ተቀባያቸውም «እውነት ነው» አለ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ምሳሌው እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። በመጽሐፍ ያለው የሚወረሰው የሚያወርስ ሲኖር ነው፤ የሚያወርስ ካለማ በቃል ያለውም አይረሳም። የኦካኒሲ ታሪክ ያለ ፊደል የኖረው አያት ለልጅ ልጅ ማታ ማታ ስለ ተናገረ ነው፤ የአፋካ ፊደል የደከመው ቅርጹ ስላላማረ ወይም ለቋንቋው ስላልተስማማ ሳይሆን፥ ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያስተምረው ስለ ጠፋ ነው። የእኛም ፊደል ዕድሜው ብቻ አያድነውም። የአስተማሪው መሠረት ቤት ነው፤ ባዕድ አገር ለሚኖሩት ደግሞ ከቤት በቀር ሌላ ትምህርት ቤት ላይኖር ይችላል።

ስንመለስ ወንዙ ቁልቁል ስለ ሆነ ጉዞው ፈጠነ። ልጅቱ ከፊታችን ተቀምጣ፥ በወንዙ ፍንጣቂ በረጠበው የታንኳ ሳንቃ ላይ በጣቷ አንድ ነገር እየጻፈች ትደመስስ ነበር። ቀና ብለን ብናይ የስሟ አራት ፊደላት ናቸው። ሦስተኛው ተዛብቶ ነበርና አባቷ ጐንበስ ብሎ እጇን ይዞ አቃናላት። እኛም እንዳላየን ሆነን ወደ ወንዙ ተመለከትን።