ሦስት ቀን የሚጠይቅ ሊጥ

ናይሮቢ ውስጥ፣ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከ5 ዓመት በፊት እርሾዋን ደፋችው። የደፋችው ተናዳ አልነበረም፤ ቸኩላ ነበር። የሁለት ምግብ ቤቶች ትዕዛዝ በአንድ ምሽት ደረሰባት። በባልዲው ያለው ሊጥ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ናይሮቢ ትበርዳለች፣ ሊጥም በብርድ ይለግማል። ወዳጅዋ «የዳቦ እርሾና ቤኪንግ ፓውደር ጣል አድርጊበት፤ በ3 ሰዓት ውስጥ ትጋግሪዋለሽ» አለቻት። ጣል አደረገችበት፤ ጋገረችው። የእንጀራው ዓይን ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፤ ደንበኛም አላጉረመረመም። ከአንዲት አሮጊት እጅ ተቀብላ ለዓመታት ከሊጥ ወደ ሊጥ ስታሻግረው የኖረችው እርሾ ከዚያ ወዲህ ቦታ ማጣበብ ብቻ ሆነና አንድ ጠዋት ወደ ማጠቢያው ገንዳ ተገለበጠ።

ባለቤቷም የራሱ አቋራጭ ነበረው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ያደገ፣ በልጅነቱ ዳገት መውጣትን እንደ ሥራ ያልቆጠረ ሰው ነው። አሁን 54 ዓመቱ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ከቤቱ ደጃፍ መኪና ውስጥ ይገባል፤ ከመኪናው ወርዶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ሱቁ በአሳንሰር ይወጣል፤ እስከ ማታም ወንበር ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ሽንት ሲያመላልሰው፣ ውኃ ጥሙ አልቆርጥ ሲለው ሊመረመር ሄደ። ሳይበላ ጠዋት የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላም ቀን ከተደገመ የስኳር ሕመም ይባላል። የእርሱ በሁለቱም ቀን ከዚያ እጅግ ያለፈ ነበር።

ሐኪሙ ሦስት ነገር ተናገረ። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን ዋጥ፣ ከምግብህ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ። ሰውየው ክኒኑን ተቀበለና ስለ እግሩ ሲያስብ ወደ ገበያ ወጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሮጫ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ከ6 ሳምንት በኋላ የታጠበ ልብስ ማስጫ ሆነ። እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓትም አሠረ፤ ይህ ሰዓት ግን ባለቤቱ ሱቅ ተቀምጦ በስልክ ሲከራከር እጁን ባወናጨፈ ቁጥር እርምጃ እየጨመረለት ማታ ማታ ያሞግሰው ጀመር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጠርሙሱ ነበር። ላዩ ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል አለበት፤ «ፍጹም ተፈጥሯዊ» ይላል፤ ስኳርን በ30 ቀን ከሥሩ ይነቅላል ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ነው። በተፈጥሮ መኖር መልካም ነው የሚለውን አባባል ሁሉም ያውቀዋል፤ ቃሉ ጠርሙስ ላይ ሲለጠፍ ግን ከማሽኑ የማይለይ አቋራጭ መሆኑን ሰውየው አላስተዋለም። የሐኪሙን ክኒን ትቶ ይህን ያዘ። ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ዓይኑ ብዥ አለበት፤ ቢጠጣ ቢጠጣ አልረካ አለ፤ መለኪያው ከ400 በላይ አሳየ። ሚስቱ በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ደርባ መኪናውን እየነዳች ክሊኒክ አደረሰችው።

ሲነጋጋ፣ መርፌውና ፈሳሹ ካረጋጋው በኋላ፣ መዳኑን በሳምንት ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ እንዳለ ጠየቀ። ሐኪሙ የለም አለው። ያለፉትን ወራት የስኳር መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር የተጣበቀውን ስኳር የሚለካ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ ስለዚህ ምርመራው ሊያየው የሚችለው ሦስት ወር የተኖረን ኑሮ ነው። መጠበቅ የማይወድ ሰው ደሙ ራሱ ቀጠሮ ሰጠው።

ሚስት ይህን ከአልጋው አጠገብ ቆማ ሰማች። ቤት ስትገባ የሊጡን ባልዲ አየች፤ አጠገቡ የዳቦ እርሾው ፓኬት አለ። በባልዋ ጠርሙስ ላይ ስትፈርድ ያደረች ሴት በራስዋ ፓኬት ላይ ዓይኗን ማሳረፍ አቃታት። በማግስቱ ኢስሊ ወደምትኖረው አሮጊት ሄደች።

«እማማ፣ እርሾ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«የሰጠሁሽስ የት ገባ ልጄ?»

«ደፋሁት።»

አሮጊቷ አልተቆጡም። ከሊጣቸው አናት ላይ የቀረረውን ቢጫ ውኃ በማርማላታ ጠርሙስ ሞልተው ሰጧትና «በርዶታልና በጋቢ ጠቅልይው» ብቻ አሉ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የጥንት እናቶች በምላስና በአፍንጫ ያውቁት ነበር፤ የምግብ ሳይንስ ደግሞ በቤተ ሙከራ ደረሰበት። ጤፍ እንደ ሌሎች እህሎች ፋይቲክ አሲድ አለው፤ ይህም ብረትንና ዚንክን አንቆ ይዞ ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ሊጡ ሲቦካ በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ያኮመጥጡታል፤ በኮመጠጠው ሊጥ ውስጥም ፋይቲክ አሲዱ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ የታነቀው ብረትም ይለቀቃል። (የጤፍ ብረት በዛ እየተባለ ሲነገር ከፊሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የገባበት አፈር መሆኑንም ማስታወስ ደግ ነው።) የዳቦ እርሾና ቤኪንግ ፓውደር በ3 ሰዓት የሚሰጡት አየሩን ነው፤ ዓይን ያወጣሉ። የሦስቱን ቀን ሥራ ግን አልሠሩትም። በማግስቱ እንጀራው ሲደርቅና ሲፈረፈር ምላስ ይህን ያውቃል።

ይሁንና እንጀራ በመቡካቱ የስኳር መድኃኒት አይሆንም። እህል እህል ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ለዚህም ባልየው ሁለት እንጀራ ይበላ የነበረው ወደ አንድ ወረደ፤ የጎደለው በጎመንና በምስር ተተካ። መጀመሪያ አኮረፈ። ኋላ ኮምጣጣው እንጀራ በትንሹ እንደሚያጠግብ ራሱ ተናገረ።

ጤፍ በናይሮቢ ውድ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች ወዲህ በጎረቤት አገር የሚኖር ሐበሻ መደባለቅን ለምዷል፤ ይህችም ሴት ማሽላና ዳጉሳ ትቀላቅላለች። አንድ ቀን ኬንያዊቷ ጎረቤቷ ወደ ባልዲው ጎንበስ ብላ አሸተተችና ሳቀች። እርስዋም የዳጉሳ ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ አሳድራ አኮምጥጣ፣ ለልጆቿ ኡጂ የሚሉትን አጥሚት ታፈላለች። ሁለቱ ሴቶች በስዋሂሊ ስለ ኩምጣጤ አንድ ሰዓት አወሩ።

የእግሩ ነገር ከምግቡ ይልቅ አስቸግሮ ነበር። ሐኪሙ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር እንደሚስብ፣ ከምግብ በኋላ አጭር ጉዞ እንኳ የስኳሩን መውጣት እንደሚያለዝብ ነገረው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማታ ከእራት በኋላ በሰፈሩ ዙሪያ፣ ጠዋት ሱቅ ሳይከፍት ደግሞ በካሩራ ደን ውስጥ ይሄድ ጀመር። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ዋንጋሪ ማታይ ይህ ደን ለግንባታ እንዳይሸነሸን ችግኝ ልትተክል ሄዳ ጭንቅላቷ እስኪደማ ተደብድባበታለች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት። ሰውየው ይህን የሰማው ከደኑ ጠባቂ ነው። ለ30 ዓመት አጠገቡ ኖሮ ውስጡን አላየውም ነበር።

የሚስት ገበያ ግን ተጎዳ። በ3 ሰዓት የሚደርስ እንጀራ የለመደ አንድ ምግብ ቤት ትቷት ሄደ፤ ሌላው ዋጋ አስቀነሳት። ባልዋ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ሊያሾፍ ሲሞክር የእንክብሉን ጠርሙስ ከቁም ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችለት። ዝም አለ።

ሦስት ወር ሲሞላ ምርመራው ከ10.4 ወደ 7.6 መውረዱን አሳየ። ክኒኑን ማቆም ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ሐኪሙ አይሆንም አለው፤ ሌላ ሦስት ወር ቀጠረው። ከክሊኒኩ ወደ ቤት በእግሩ ተመለሰ።

መሮጫው ማሽን አልተሸጠም። ወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ ቆሟል። አሁን ሐምሌ ነው፣ ብርድ ነው፤ የሊጡ ባልዲ በጋቢ ተጠቅልሎ እላዩ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛ ቀኑ ነው።