ዘንጉ ይቅጠን፣ ዋጋው አይቅጠን

መቼም በዚህ ገጽ ስለ ትዳሩም፣ ስለ ጨጓራውም፣ ስለ ቤት ኪራዩም ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እናውራ ብል፣ "ይሄ ሰውዬ ዘይት አልተወደደበትም እንዴ?" የምትሉኝ አትጠፉም። ተወዶብኛል! ግን ሰው በዘይት ብቻ አይኖርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አጎት አሉኝ። በ1970ዎቹ ባሌ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር ሳሉ፣ ዲንሾ አካባቢ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለመዱ። ትራውት የአገራችን ተወላጅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። ስለዚህ እንደ ቆሮሶና አምባዛ በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ አትፈልጉት። ቤቱ እነ ወይብ፣ እነ ዳንካ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ።

ታዲያ አጎቴን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ደከመ። ሐኪሙ "እጅዎን ያሠሩ፣ ኳስ ይጭመቁ" ቢላቸው፣ "ኳስ ከምታስጨምቁኝ ዘንግ ስጡኝ! አንድ ጊዜ ዲንሾ ወርውሬ ልይ" አሉ። የድሮው ዘንጋቸው ለጤነኛ እጅም ይከብዳል። አዲስ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ ከኪሴ በላይ ሆነ። አየር ጤና እንደሚኖር ሰው ዓይኔ የሄደው ወደ ጎረቤቴ ወደ ቆሼ ነው።

ቆሼን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ከ50 ዓመት በላይ የከተማውን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ክምር ነው። ሰው ግን የሚጥለው ሁሉ ጥራጊ አይደለም። ሜንጦ የያዙ ወጣቶች መኪናው ሲገለብጥ ጠብቀው፣ ቆፍረው፣ ለይተው፣ ፕላስቲኩን ለፕላስቲክ ገዢ፣ ብረቱን ለብረት ገዢ ይሸጣሉ። የቀረውን እዚያው መንገድ ዳር ሸራ ላይ ያነጥፉታል። እኔም ከአንዱ ወጣት ሸራ ላይ፣ ከነጠላ ጫማዎችና ከሞተ ሬዲዮ ጎን፣ በሲባጎ የታሰሩ ሦስት ዘንጎች አገኘሁ።

"ወፍራሙ 1,500፣ ረጅሙ 800፣ ይቺ ቀጭኗ 300" አለኝ።

"ቀጭኗ ለምን ረከሰች?"

"ይቺማ አርጩሜ ናት፣ ጋሼ!"

አርጩሜ! በአገራችን እኮ ቀጭን ማለት ደካማ ማለት አይደለም። ቀጭን ጌታ፣ ቀጭን ትዕዛዝ፣ ቀጭን ፈታይ እንላለን። ውፍረት ለምሰሶ ነው። ለትራውትም የሚፈለገው ቀጭኑ ነው። እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዓይነቱን ለዩ። እኛ የምንፈልገው ስፒኒንግ የሚባለውን ነው። የክር ማጠንጠኛው ከእጀታው ሥር ይንጠለጠላል፤ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች እጀታው አጠገብ ሰፋ ብለው ወደ ጫፉ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ያ 800 ብር የተባለው ረጅሙ ማጠንጠኛውን የሚያስረው በእጀታው ጭራ ላይ ነበር፤ ቀለበቶቹም የሽቦ ጥምዝ ያህል ናቸው። እሱ በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚያጠምዱ የተሠራ ነው፤ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ወፍራሙ ደግሞ ለባሕር ወይም ለጫሞው ነጭ ዓሣ ይሆናል፤ በእሱ ትራውት ማጥመድ ዶሮን በበሬ ቢላ እንደ ማረድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ርዝመቱ ከ1.80 እስከ 2.10 ሜትር ቢሆን ለደጋ ወንዝ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ይይዘዋል። በግራም የተጻፈው ዘንጉ የሚወረውረው የማባበያ ክብደት ነው። ከ2 እስከ 10 ግራም ካለ ልባችሁ ይረፍ። ከ40 እስከ 80 ካለ መልሱት።

ሦስተኛ፣ አጉብጡት። ጫፉን ሌላ ሰው ይያዝላችሁና ቀስ ብላችሁ እጀታውን ወደ ላይ ሳቡ። ጥሩ ዘንግ እንደ ደጋን እያማረበት ይጎብጣል። አንድ ቦታ ላይ ክርን ካበጀ ወይም "ቀጭ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ውስጡ ተሰብሯል። ለመሆኑ ልምሾ ጫፍ ለምን ያስፈልጋል? የትራውት አፍ ስስ ነው፤ መንጠቆው ሲገባበት ራሱን ያወዛውዛል፣ ከውኃው ይዘላል። ደረቅ ዘንግ መንጠቆውን ቀዶ ያስወጣዋል፤ ልምሹው ግን አብሮት እየታጠፈ ያደክመዋል። ወፍራም ሰው ተሸክሞ ያሸንፋል፤ ቀጭን ዘንግ ታግሶ ያሸንፋል።

አራተኛ፣ ቁራጭ ጥጥ በየቀለበቱ አሳልፉ። ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ አለ፤ ያ ስንጥቅ ነገ ክራችሁን ይበጥሳል። ሁለቱ ቁራጮች የሚጋጠሙበትንም ዕዩ፤ አፉ የተሰነጠቀ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት። ጫፉ የተቆረጠ ዘንግም ቢረክስ አይግዛችሁ፤ ያጠረው ርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ ልምሹነቱም አብሮ ሄዷል።

አምስተኛ፣ ማጠንጠኛውን አስራችሁ በአንድ ጣት መዝኑት። ጣታችሁን ከማጠንጠኛው ፊት ለፊት እጀታው ሥር ስታደርጉ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከተኛ ሚዛኑን ጠብቋል። ጫፉ ወደ መሬት ካዘነበለ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው የእጅ አንጓችሁ ነው። ለአጎቴ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነበር። ማጠንጠኛው ትንሽ፣ 1000 ወይም 2000 የሚል ቁጥር ያለበት ይሁን። ክሩ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚችል ቀጭን ናይለን ይበቃል፤ ዋናው የማጠንጠኛውን ፍሬን ላላ ማድረግ ነው። ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አርቁት፤ ካርቦን ኮረንቲ ያስተላልፋል። ከቆሼ የወጣ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በበረኪናም ይወልወል። የተተወ መንጠቆ እንዳይወጋችሁም ተጠንቀቁ።

"አርጩሜዋ" ይህን ሁሉ ፈተና አለፈች። ቀጥሎ የመጣው ግን የዘንጉ ሳይሆን የገዢው ፈተና ነው። 300 ብር ሰጥቶ እየሳቁ መሄድ ይቻላል። "ገበያ ነው፣ እሱ ካላወቀ ምን ላድርግ?" የሚል ወዳጅ አለኝ። እኔ ግን ያ ልጅ ሜንጦውን ይዞ የት እንደሚወጣ አውቃለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። ያን ሰሞን የሰፈራችን ለቅሶ ማቆሚያ አልነበረውም። ከዚያ ላይ የወረደን ዕቃ ባለማወቁ ከልጁ እጅ መንጠቅ ለእኔ ብልጠት ሆኖ አልታየኝም።

1,200 ብር ስቆጥርለት በጥርጣሬ አየኝ። "ጋሼ፣ ውስጧ ምን አለ?" አለ፤ ወርቅ የተደበቀባት መስሎታል! ውስጧ ምንም እንደሌለ ነገርኩትና ጽሑፉን አሳየሁት፦ ይሄ ርዝመት፣ ይሄ ግራም። "እሺ፣ ከእንግዲህ ግራሙን አያለሁ" ብሎ ሌሎቹንም ገልብጦ ማንበብ ጀመረ።

አጎቴ አሁን በየማለዳው ግቢ ውስጥ ክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ብሎን አስረው ሳፋ ላይ ይወረውራሉ። መጀመሪያ አሥር ጊዜ ሲወረውሩ እጃቸው ይዝል ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ይደርሳሉ። ሳፋው ውስጥ የሚገባው ከሦስት አንዱ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጠራ፣ ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቀን ወይብ ዳር ለመቆም ተቀጣጥረናል። ይሳካላቸው አይሳካላቸው እግዜር ያውቃል፤ ኳሱን ግን ጥለውታል።

እናም ወዳጆቼ፣ ለራሳችሁም ሆነ ለአባታችሁ ዘንግ ስትመርጡ በውፍረቱ አትታለሉ። የሚይዘውን እጅና የሚወረወርበትን ውኃ አስቡ። መንገድ ዳር ስታገኙት ደግሞ ከየት እንደወረደ አትርሱ። ዘንጉ ይቅጠን፣ ዋጋው ግን አይቅጠን። መልካም ሰንበት!