ሥራው አንድ፣ ሠሪው ብዙ

የመተማን ቆላ ሰው በሁለት ነገር ያውቀዋል፦ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነትና በሰሊጥ። ሦስተኛው ነገር ብዙም አይወራለትም። ካላዛር ይባላል።

በየዓመቱ ሰሊጥና ጥጥ ሲደርስ ከደጋው ብዙ ወጣት ለቀን ሥራ ወደ ምዕራብ ጎንደር ይወርዳል። ዋልካው አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥና በግራሩ ሥር ከትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ሠራተኛው ሜዳ ላይ ሲተኛ ትነክሰዋለች፤ ስትነክሰውም ሌይሽማንያ የሚባል ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሕዋስ ሰውነቱ ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ እብጠት ይመጣል። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል።

ከበለሳ ለአጨዳ የወረደው የአክስቴ ልጅ ይህ ደርሶበታል። መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ ወባ ነው ብሎ የወባ መድኃኒት ሰጠው። በሽታው ታውቆ ሕክምና ሲጀምር ሱሪው በገመድ ካልታሰረ አይቆምለትም ነበር። ሕክምናው በቀን ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀናት ነው። አንዱ አንቲሞኒ ያለበት ሲሆን ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ፓሮሞማይሲን ነው፤ እሱ ደግሞ ጆሮ ላይ ሊመጣ ይችላል። ልጁ ዳነ። ከዳነ በኋላ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «አንተ ተምረሃል አይደል? በሽታውን የሚገድለው መድኃኒት ለምንድነው እኔንም ሊገድለኝ የደረሰው?»

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ሥራዬም ሶፍትዌር ነው። ከባዮሎጂ ጋር 12ኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ።

አጭሩ መልስ፦ ስለምንመሳሰል ነው። ባክቴሪያ ከእኛ በጣም ስለሚርቅ እሱን መትቶ እኛን የሚተው መድኃኒት ማግኘት ይቀላል። ሌይሽማንያ ግን እንደ እኛ ሴል ኒውክለስ አለው፤ የውስጡ አሠራር በብዙ ነገር የእኛን ይመስላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የት ላይ ነው የምንለያየው?» የሚለው ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ልዩነት አንዲት መቀስ ላይ የተገኘው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴል ፕሮቲን ሲሠራ ከዘረ-መል የተቀዳውን መልእክት የሚያነብለት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ትራንስፈር አርኤንኤ ይባላል። ይህ ሞለኪውል ገና ሲቀዳ ከፊቱ ትርፍ ጫፍ ይዞ ይወጣል፤ ያ ጫፍ ካልተቆረጠ ለሥራ አይበቃም። የሚቆርጠው ኢንዛይም አርኤንኤዝ ፒ ይባላል።

ድሮ ኢንዛይም ሁሉ ፕሮቲን ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የሲድኒ አልትማን ቡድን የባክቴሪያው አርኤንኤዝ ፒ ውስጥ ቆራጩ ፕሮቲኑ ሳይሆን አርኤንኤው ራሱ መሆኑን አሳየ። ቶማስ ቼክም በሌላ ተሕዋስ ላይ ራሱን የሚቆርጥ አርኤንኤ አግኝቶ ነበር፤ ሁለቱ በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ብዙ ሳይንቲስቶች ይህን መቀስ ፕሮቲን ከመምጣቱ በፊት ከነበረ ዓለም የተረፈ ቅርስ አድርገው ያዩታል።

ቅርሱ ታዲያ እንዴት ተያዘ? በባክቴሪያ አንድ አርኤንኤና አንድ ትንሽ ፕሮቲን ነው። በእርሾ ኒውክለስ ውስጥ አርኤንኤው ዘጠኝ ፕሮቲን አጅቦታል፤ በእኛ ደግሞ አሥር ገደማ። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ የታወቀ ታሪክ ነው፦ መሃል ላይ ማንም የማይነካው አሮጌ ፋይል አለ፤ በዙሪያው ድጋፍ ላይ ድጋፍ ይደረደራል።

ሌላ መንገድ የያዙም አሉ። በ2008 ቪየና ያሉ ተመራማሪዎች የሰው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ይህንኑ ቆረጣ ያለ ምንም አርኤንኤ፣ በፕሮቲን ብቻ የሚሠራ ኢንዛይም አገኙ። ቆራጩ ፕሮቲን ፕሮርፕ ይባላል። ከአሮጌው መቀስ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፤ ከባዶ የተጻፈ ነው፤ ግን የሚቆርጠው እዚያው ቦታ ላይ ነው። በ2017 ደግሞ አኩዊፌክስ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ሃርፕ የሚባል፣ ከሁለቱም የተለየ ትንሽ ፕሮቲን ተገኘ።

አሁን ወደ ቆላው እንመለስ። በምዕራብ ቆላዎቻችን ከብት የሚጨርሰውን ገንዲን ከሚያመጡት ተሕዋሳት አንዱ ትሪፓኖሶማ ብሩሴይ ነው፤ የሌይሽማንያ የቅርብ ዘመድ። በ2012 የታወቀው፣ ይህ ተሕዋስ ኒውክለሱ ውስጥ ሳይቀር የሚቆርጠው በአንድ ፕሮርፕ ብቻ መሆኑ ነው። የሌይሽማንያ ዘረ-መል ውስጥም የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ አለ። እኛ ባለ አሥር ድጋፉን ቅርስ ተሸክመን ስንኖር፣ የአክስቴን ልጅ ሊገድል የነበረው ተሕዋስ ወገን በአንድ ፕሮቲን ይሠራል።

አንዱ ሌላውን በእርግጥ ይተካል? ተሞክሯል። በ2014 በወጣ ጥናት ከዳቦ እርሾ ላይ የአርኤንኤውን መቀስ አንስተው የትሪፓኖሶማን ፕሮርፕ አስገቡለት። አሥር ክፍል ያለው ማሽን ወጥቶ አንድ ፕሮቲን ገባ፤ እርሾው አልሞተም፤ ደህና አድርጎ አደገ።

እዚህ ላይ እንደ እኔ ያለ ሰው ወዲያው «እኛስ ለምን አፕዴት አላደረግንም?» ይላል። አንዱ መልስ ድጋፎቹ ላይ አለ። ከፕሮቲኖቹ አብዛኞቹ ሌላ ዘመድ ማሽን ውስጥም ያገለግላሉ፤ አንዱን ስትነቅል ሌላው ይናጋል። ደግሞም ሥራው እየተሠራ ነው። ተፈጥሮ የሚያምር ኮድ አትፈልግም፤ የሚሠራ ይበቃታል። አዲሱ የተሻለ ስለሆነ አሸነፈ፣ አሮጌው ኋላ ቀር ስለሆነ ቀረ የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። ሁለቱም ዛሬ ይቆርጣሉ፤ እኛ ደግሞ በአንድ ሴል ውስጥ ሁለቱንም ይዘናል።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለመድኃኒት ፈላጊ ጣጣ ናት። የተሕዋሱን ፕሮርፕ የሚያቆም ነገር ቢገኝ፣ የእኛን ሚቶኮንድሪያ ፕሮርፕ መንካት የለበትም። ሁለቱ ዘመድ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ውስጥ ቀዳዳ ካለ በትዕግሥት መፈለግ አለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካላዛርን የሚያጠናና የሚያክም ማዕከል አለ፤ ስለዚህ ሥራው ከእጃችን የራቀ አይደለም። የራቀው ገንዘቡ ነው። የዚህ በሽታ ታማሚ በአብዛኛው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ለመድኃኒት አምራች የሚያጓጓ ገበያ አይደለም።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህን ሁሉ አልያዘም። «ጠላትህ ዘመድህ ስለሆነ ነው» አልኩት። ሳቀና «የት ነው የምንለያየው ታዲያ?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው፤ የዓለም ላቦራቶሪዎችም በዚሁ ላይ ቢበረቱ ይገባል።